ሁለት ካሜራዎቼ ሲመሽ ይጠፋሉ፣ ምን ላድርግ?

ባለሱቋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። አራት ካሜራና አንድ ዲቪአር (ምስሉን የሚቀርጸው ሳጥን) ካስገጠምኩ ቆየሁ። ሁለቱ በሩ ላይ፣ ሁለቱ ጓሮ መጋዘኑ ጋ ናቸው። ቀን ቀን አራቱም ጥርት አድርገው ያሳያሉ። ሲመሽ ግን የመጋዘኑ ሁለቱ ብልጭ ድርግም ይሉና ይጠፋሉ። ሲነጋ ራሳቸው ይመለሳሉ። ዕቃ የሚጠፋብኝ ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ሌላው፣ መብራት በሄደ ቁጥር የዲቪአሩ ቀን ይዛባል። የገጠመልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም።

ገመድ ዘርጊው፦ እህቴ፣ ሲመሽ የሚጠፋ ካሜራ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ ኃይል አንሶት ነው። ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቶቹ (በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት) ስለሚበሩ የሚስበው አምፔር ይጨምራል። ፓወር ሰፕላይሽ (ለካሜራዎቹ ኃይል የሚሰጠው) ስንት አምፔር ነው? ገመዱስ?

ባለሱቋ፦ 12 ቮልት 5 አምፔር ይላል። የተቀመጠው ሱቁ ውስጥ ነው። ገመዱ የኔትወርክ ገመድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ካሜራ ለየብቻ ተዘርግቷል። እስከ መጋዘኑ 40 ሜትር ይሆናል።

ገመድ ዘርጊው፦ 5 አምፔር ለአራቱ ይበቃል። ስለዚህ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። እስኪመሽ አትጠብቂ። አንድ ሰው መሰላል ላይ ይውጣና የካሜራውን ፊት በእጁ ይሸፍን። ካሜራው የጨለመ መስሎት ቀያዮቹን መብራቶች ያበራል። ያኔ ካሜራው ጫፍ ላይ፣ የጃኩ (የኃይል መሰኪያው) ብሎኖች ላይ በቴስተር ቮልቱን ለኩ። ካሜራው እንደተሰካ ይሁን። ተነቅሎ ከተለካ 12 ያሳያችሁና ያሳስታችኋል።

ከአዳማ፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። እሷን አዙሮ 13.5 ቮልት ማድረስ ነው። እኔ ጋ ሠርቷል።

ገመድ ዘርጊው፦ ወንድሜ፣ ካሜራዎቹ ሁሉ ሩቅ ቢሆኑ ያስኬድ ነበር። የበሩ ካሜራዎች ግን ፓወሩ አጠገብ ናቸው፤ 13.5ቱን እንዳለ ነው የሚቀበሉት። ሩቆቹን አድናለሁ ስትል ቅርቦቹን ልታቃጥል ትችላለህ። ደግሞ እዚያው አጠገብ 220 ቮልት አለ፤ ለማያውቅ ሰው አይመከርም።

ባለሱቋ፦ ታናሽ ወንድሜ ወጥቶ ለካልኝ። ሳይሸፍነው 11 ቮልት፣ ሲሸፍነው 9.3!

ገመድ ዘርጊው፦ ተገኘ! 12 ቮልቱ ገመዱ ላይ እየቀነሰ ነው የሚደርሰው። ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ። ልጁ ለፓወር አንድ አንድ ብቻ ሳይጠቀም አልቀረም። ምስል የሚያመጣውን ጥንድ አትንኩት። ከቀሩት ስድስት ሦስቱን ለፖዘቲቭ፣ ሦስቱን ለኔጌቲቭ አንድ ላይ ጠምዝዙ። መጀመሪያ ግን ፓወሩን ከሶኬት ንቀሉ። በሁለቱም ጫፍ ቀለሞቹ መግጠማቸውን ሳታዩ እንዳታበሩ።

ባለፋርማሲው፦ ስለ ቀኑ እኔ ልንገርሽ። ዲቪአሩ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032። እሷ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። ዲቪአሩን ከሶኬት ነቅለሽ ቀይሪያት። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙዪው፤ ማታ 3 ሰዓት 21፡00 ማለት ነው። ይህን ችላ አትበዪ። እኔ ጋ ሌባ የገባ ጊዜ ሰዓቱ ተዛብቶ ስለነበር፣ የገባበትን ደቂቃ ስፈልግ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። ከቻልሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ጨምሪበት። መብራት ሄድ መጣ ሲል ሃርድ ዲስኩም ይጎዳል።

ባለሱቋ፦ ተባረኩ! እውነትም አንድ አንድ ሽቦ ነበር። ለሁለቱም ሦስት ሦስት አደረግንላቸው። አሁን ሲሸፈን 11.1 ያሳያል። ትናንት ሌሊት የተቀረጸውን ጠዋት አሳልፌ አየሁት፤ አንዴም አልጠፋም። የመጋዘኑ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ባትሪዋን ነገ እገዛለሁ።