ዐሥር ሰዓት ተኝቼም ደክሜ እነሳለሁ፤ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ያለባችሁ እንቅልፋችሁን እንዴት ያዛችሁት?

ጥያቄ፦ የናሆም እናት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ከያዘኝ ወዲህ ድካሙ አለቀቀኝም። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም መሆኑን ነገረችኝ። ሥራዬን ትቻለሁ፤ ቤት ውስጥ የምችለውን ያህል እንቀሳቀሳለሁ።

አሁን ከሁሉ ያሸነፈኝ እንቅልፍ ነው። ማታ ሰውነቴ ዝሎ አእምሮዬ ግን ይነቃል፤ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዐይኔ አይከደንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ልቤ እየደለቀ ያባንነኛል። ሌላ ጊዜ ዐሥር ሰዓት ሙሉ እተኛና ጠዋት ስነሳ እንቅልፍ በዐይኔ የዞረ አይመስለኝም፤ ሰውነቴ ተቀጥቅጦ ያደረ ይመስል ያመኛል። ቀን ጋደም ስል ቤተሰቦቼ «ሌሊት የምትነቂው ቀን ስለምትተኚ ነው» ይሉኛል።

የቀኑን እንቅልፍ ልተው? ማታ ማታ እንዲያስተኛኝ የምወስደውን መድኃኒት፣ ዲያዜፓም፣ ልቀጥል ወይስ ላቁም? ሐኪሟ ዘንድ ስመለስስ ምን እንድትመረምርልኝ ልጠይቅ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ደረጀ (ሐዋሳ)

እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ። እኔ በጭንቀት እንቅልፍ ባጣሁበት ጊዜ የረዳኝ ስፖርት ነው። ማለዳ ተነሥተሽ ሮጥ ሮጥ በዪ፤ የቀኑንም እንቅልፍ ተዪው። ሰውነት ሲደክም እንቅልፉ ራሱ ይመጣል። በርቺ።

ወለተ ሥላሴ (ለንደን)

ወንድሜ ደረጀ፣ አዝነህላት እንደጻፍክ አውቃለሁ፤ ለብዙ ሰው የሚሠራ ምክርም ነው። ለዚህ ሕመም ግን ጎጂ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ከዚህ ሕመም ጋር ረጅም ዓመት ኖሬያለሁ። ከሌላ ድካም የሚለየው ዋናው ምልክት ከአቅም በላይ ከተንቀሳቀሱ በኋላ የሚመጣው መባባስ ነው። ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይመጣም፤ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይዘገያል። ሲመጣ ድካሙን ብቻ አያብስም፤ ሕመሙን፣ የሐሳብ መደነጋገሩን፣ እንቅልፍ ማጣቱንም አስከትሎ ነው የሚመጣው። እዚህ እንግሊዝ አገር ቀስ በቀስ የሚጨመር ስፖርት ለዓመታት ሕክምና ተብሎ ሲታዘዝ ቆይቷል። ናይስ የሚባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን ሲያሻሽል ለዚህ ሕመም እንዳይሰጥ አድርጓል። የተጎዱት ታማሚዎች ጩኸት ነው እዚህ ያደረሰው።

የናሆም እናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው የምርመራ መስፈርት ውስጥ ተኝቶ አለመታደስ ከሕመሙ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ተኝተሽ ደክመሽ ብትነሺ ስንፍና አይደለም፤ የቀን እንቅልፍሽ ያመጣብሽ ቅጣትም አይደለም። ይህን ለቤተሰቦችሽ አንብቢላቸው።

ለእኔ ሌሊቱ የተስተካከለው ቀኑን ስቆጣጠር ነው። ለቅሶ ደርሼ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ እመለሳለሁ እንበል። የዚያን ዕለት ማታ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ንቁ ነኝ። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ልቤ ይመታል፣ እግሬን ይቆረጥመኛል፣ እንቅልፍ በአጠገቤ አያልፍም። እኔም ለረጅም ጊዜ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም ነበር። በዚህ ሕመም ጉልበት መበደር በአራጣ መበደር ነው። አሁን ለቅሶ ስሄድ አስቀድሜ አርፋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ምንም ነገር አልይዝም። ቅር የሚለው ሰው አለ፤ ግን ሌላ መንገድ የለኝም።

የቀኑን እንቅልፍ በጅምላ አትተዪ። ሕመሙ ሲብስብሽ ሰውነትሽ የጠየቀውን ያህል ተኚ። በደህናው ጊዜ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይለፍ። እኔን ከእንቅልፍ ይልቅ የጠቀመኝ በየመሐሉ ጋደም ማለት ነው፤ መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ አርቄ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ሩብ ሰዓት። ደግሞ የእንቅልፍ ባለሙያዎች ለሌላው ታማሚ አልጋ ላይ የሚቆይበትን ሰዓት አሳጥር ይላሉ። እንቅልፍን ሆን ብሎ ማሳጠር እኛን ሊጥለን ስለሚችል ይህን የሚያዝልሽ ካለ ስለ ሕመምሽ አስረጂው።

ሲስተር ሐረገወይን (ሜሪላንድ)

ወለተ ሥላሴ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ በነርስነት ስለምሠራ ስለ ምርመራው ልጨምር። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሌላ፣ ሊታከም የሚችል የእንቅልፍ ችግር አብሮት ሊኖር ይችላል። ሁሉ ነገር «ከሕመሙ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ያ ሌላው ችግር ተደብቆ ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ። ታንኮራፊያለሽ? ጠዋት ራስሽን ያምሻል፣ አፍሽ ይደርቃል? ወፍራም ሰው ብቻ የሚይዝ ሕመም አይደለም፤ ቀጭን ሴትም ይይዛታል።

ሁለተኛ፣ ማታ ስትጋደሚ እግርሽን የማቅበጥበጥ፣ ካላንቀሳቀስሽው የማያስችል ስሜት ካለ ፌሪቲን ይታይልሽ። ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። የእግር መቅበጥበጥ ያለበት ሰው ውጤቱ በሊትር 75 ማይክሮግራምና ከዚያ በታች ከሆነ የብረት ሕክምና እንዲታሰብለት ይመከራል፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ያንኑ ቁጥር «ኖርማል» ብሎት ልታገኚው ትችያለሽ። ስለዚህ «ደህና ነው» ሲሉሽ ቁጥሩን ጠይቂ። ብረት ከታዘዘልሽ ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂው፤ ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጋሉ።

የታይሮይድ፣ የደም ስኳር፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ካልተደረገ ይደረግ። ሌሊት ልብስ የሚያስቀይር ላብ ካለሽና ክብደትሽ ከቀነሰ ደግሞ ቲቢ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ልብሽ ስለመደለቁ አንድ ነገር እንድታደርጊ እፈልጋለሁ። የደም ግፊት መለኪያ ካገኘሽ ዐሥር ደቂቃ ተጋድመሽ የደም ግፊትሽንና የልብ ምትሽን ለኪ። ከዚያ ተነሥተሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፤ በየሁለት ደቂቃው እስከ ዐሥር ደቂቃ እየለካሽ ጻፊ። ሰው ከጎንሽ ይቁም፤ ካዞረሽ ወዲያው ተቀመጪ። የደም ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቱ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ ወረቀቱን ለሐኪሟ አሳዪ። ይህ በዚህ ሕመም የተለመደ ነገር ነው፤ ሕክምናም አለው። የቀኑ የልብ ምት ሲረጋጋ የሌሊቱ መባነን የቀነሰላቸው ታማሚዎች አውቃለሁ።

ፋርማሲስቱ (ባሕር ዳር)

ስለ ዲያዜፓም፦ በየዕለቱ ለሳምንታት ከወሰድሽው በድንገት አታቁሚው። በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱ ተባብሶ ይመለሳል፤ ከዚያም የከፋ ነገር ሊያስከትል ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ለዘላቂው ግን አይመከርም። ሰውነት ይለምደዋል፤ ከአንድ ቀን በላይ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይም የጠዋቱ መደንዘዝ ከፊሉ የእሱ ሊሆን ይችላል። ሲስተር ያነሣችው የትንፋሽ መቆራረጥ ካለ ደግሞ ያባብሰዋል። ከጎረቤት ተቀብሎ ወይም ያለ ማዘዣ መውሰዱን በጣም እቃወማለሁ።

ሐኪሞች ለዚህ ሕመም አንዳንድ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት በጣም ዝቅተኛ በሆነ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም ጀምረው ያዛሉ። ሕመምንም እንቅልፍንም ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን የልብ ምትን ሊጨምር፣ የእግር መቅበጥበጥንም ሊያባብስ ስለሚችል ከላይ የተባሉት ምርመራዎች ቢቀድሙ ይሻላል። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለመድኃኒት ስሜታቸው ስስ ነው፤ በትንሹ መጀመር ግድ ነው።

ቡናንም አትርሺ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ጊዜው እጥፍ ያህል ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ የሚፈላ ቡና እስከ በረካ ከተጠጣ ሌሊቱን አብሮሽ ያድራል።

አስረስ (አሽዶድ)

እኔ ታማሚ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ናት። የምጽፈው ለባለቤትሽና ለቤተሰቦችሽ ነው።

የእኛ ሰው የታመመ ይጠይቃል፤ ትልቅ ጸጋችን ነው። ይሁንና እንግዶች በመጡ ቁጥር ባለቤቴ ተነሥታ ትቀመጣለች፣ ትስቃለች፣ ቡና ይፈላል፤ እነሱ ሲሄዱ አልጋ ላይ ትወድቃለች። «ደህና ነች እኮ» ብለው ይሄዳሉ፤ ሌሊቱን የማየው እኔ ነኝ። አሁን በሩ ላይ ቆሜ የምናገር እኔ ሆኛለሁ። «ጋደም ብላለች፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ትያችኋለች፤ ቡናውን ከእኔ ጋር ትጠጣላችሁ» እላለሁ። ታማሚዋ ራሷ እንግዳ አስወጪ እንድትሆን ማድረግ ግፍ ነው፤ ይሉኝታው ይገድላታል። ወንዶች ይህን ሥራ ብንወስድ ብዙ እናግዛለን።

ሌላው ክፍሉ ነው። ጥቁር መጋረጃ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ልጆች ከእኔ ጋር ማደር። ብርሃንና ድምፅ ለእነሱ ከእኛ በላይ ነው የሚሰማቸው።

የናሆም እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እያነበብኩ አለቀስኩ። የአስረስን መልስ ባለቤቴ ራሱ አንብቦታል። አዎ፣ አንኮራፋለሁ፤ ባለቤቴ አንዳንዴ ትንፋሽሽ ቆም ይላል ይለኛል። እኔ ግን ለሐኪሟ ተናግሬ አላውቅም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም እወስዳለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እናቴ ለሱባኤ ጸበል እንድገባ ትፈልጋለች፤ እኔም እምነቴ ነው። ሱባኤው ደግሞ የሚጾምበት ነው። እንዴት ላድርግ?

ወለተ ሥላሴ (ለንደን)

ሂጂ እህቴ፤ ግን በአቅምሽ። ሌሊት ተነሥቶ በብርድ ተሰልፎ መቆም ነው የሚጥልሽ። ወረፋው ጋብ ሲል በመኪና ያድርሱሽ፣ መቀመጫ ይዞልሽ የሚሄድ ሰው ይኑር። ወይም እናትሽ ጸበሉን ወደ ቤት ያምጡልሽ። ለሕመምተኛ ጾም ስለሚቀልለት ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ በተለይ መድኃኒትና የብረት እንክብል ከተጀመረ።

ደረጀ (ሐዋሳ)

ይህን ሕመም አላውቀውም ነበር፤ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። የናሆም እናት፣ ስለ ሩጫው ያልኩትን ተዪው። እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልሽ።

ሲስተር ሐረገወይን (ሜሪላንድ)

የናሆም እናት፣ ትንፋሽሽ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ቅደም ተከተል አለው። ባለቤትሽ ሲነቃ በስልኩ ይቅረጽሽ፤ ፊትሽና ደረትሽ ይታይ፣ ድምፁ ይሰማ። ማንኮራፋቱ ቆሞ፣ ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ እንደ መታፈን ሆኖ ትንፋሹ ሲመለስ የሚያሳይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ቀረጻውን ለሐኪሟ አሳዪና የእንቅልፍ ምርመራ የሚሠራበት ቦታ እንድትልክሽ ጠይቂ፤ የሳንባ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ነው የሚያየው። ዲያዜፓም እንደምትወስጂ በዚያው ቀን ንገሪያት፤ እንዴት እንደሚቀነስ ከእሷ ጋር ወስኑ። እስከዚያው በጀርባሽ ሳይሆን በጎንሽ ተኚ።