የመረጃ ሥርዓት ከመዝገብ አያያዝ በላይ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሰሊጥ ንግድ የተሰማራሁ ነኝ፤ የመረጃ ሥርዓት ለእኛና ለሌሎች ዘርፎች የሚሰጠውን ጥቅም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ ለእርስዎ ቅርቡ ምሳሌ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ሰሊጡ መጋዘን ሲገባ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት በመጋዘን ደረሰኝ ስለሚመዘገብ፣ ገዢው ጆንያውን ሳይፈታ በደረጃው ይገዛል፤ በጩኸትና በእጅ መማታት ይካሄድ የነበረው ግብይትም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክ መድረክ መሸጋገር ጀምሯል። የዕለቱን ዋጋ ከደላላ አፍ ብቻ መጠበቅ መቅረቱ፣ በእኔ ግምት፣ ትልቁ ለውጥ ነው።

መልስ 2፦ በችርቻሮ ንግድ ደግሞ ባርኮዱ ሲነበብ ሽያጩ ተመዝግቦ ከክምችቱ ይቀነሳል፤ ያለቀውን ዕቃ ለማወቅ መደርደሪያ መቁጠር አያስፈልግም።

መልስ 3፦ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተበላሽቶ ወይም ተሰርቆ የጎደለውን ሥርዓቱ ስለማያውቅ፣ በየጊዜው ቆጠራ ማድረግዎን አይተዉ።