አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አለበት?

የፒያሳው (ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ)፦
ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር «የብስክሌት ሌቦች»ን አየን። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው የጣሊያን ፊልም ነው። ጣሊያን ጎንደርን ከለቀቀ ገና 7 ዓመቱ ነበር። የጎንደር ፒያሳችንን የሠሩት ሰዎች አገራቸው ውስጥ እንዲህ ተርበው እንደነበር ሳይ በጣም ገረመኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንቶኒዮ ሮም ውስጥ ሥራ አጥቶ የከረመ አባት ነው። ፖስተር የመለጠፍ ሥራ አገኘ፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይፈልጋል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ አወጣችለት። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ተሰረቀ። ከዚያ ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋር ከተማውን ሲያስሱ ይውላሉ።

መሃል ላይ ብሩኖ አባቱን የሚነካ ነገር ተናገረ። አባትየው በጥፊ አለው። ልጁ እያለቀሰ «ለምን መታኸኝ?» አለና ርቆ መሄድ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከወንዙ ዳር ሰው ሰጠመ የሚል ጩኸት ተሰማ። አንቶኒዮ ልቡ እስኪፈርስ ሮጠ። የሰጠመው ብሩኖ አልነበረም። ያኔ ልጁን ይዞ ምግብ ቤት ገባ፤ ባለችው ገንዘብ ጋበዘው። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

እዚህ ላይ ነው የተጣላነው። ምሳው ይበቃል ወይስ አባት በአፉ ይቅርታ ማለት አለበት? እኔ አለበት ባይ ነኝ። አባቴ መትቶኝ የዋለ ቀን ማታ ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ብርቱካኑን እበላለሁ። አሁን 28 ዓመቴ ነው። አንዳንዱን ጊዜ ለምን እንደመታኝ ዛሬም አላውቅም።

ጋሼ ከአራዳ፦
ልጄ፣ ያባት ይቅርታ በእጁ ነው። ብርቱካኑ ይቅርታ ነበር። አንተ በቃል ስትጠብቅ አለፈህ። በኛ ጊዜ አባት ልጁን በሰው ፊት አቅፎ አይስምም ነበር። ሌሊት ግን ተነስቶ ጋቢውን ይደርብልሃል፤ አንተ ተኝተሃል፣ አታይም። አባት ልጁ ፊት ጎንበስ ካለ ነገ «ተው» ሲል ማን ይሰማዋል?

ደግሞ ይህች ከተማ የአባትን ነገር ታውቃለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራው አድያም ሰገድ ኢያሱ ሐዘን ጸንቶበት ወደ ጣና ደሴት በገባ ጊዜ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ያዘ። በ1706 እ.ኤ.አ. አባትየው ተገደለ። ልጁም ሁለት ዓመት ሳይሞላው እሱም ተገደለ። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ነው። ንጉሥ ሆኖ እንኳ አባቱን በማስገደሉ የተሰጠው ስም አልለቀቀውም።

የአዘዞው፦
ጋሼ፣ እሱ እኮ ልጅ አባቱን የበደለበት ታሪክ ነው። የኛ ጥያቄ አባት ሲበድልስ ነው። ታሪክ ካነሱ አይቀር አፄ ሱስንዮስን ለምን ይተዉታል? ሃይማኖቱን ወደ ካቶሊክ ለውጦ ሕዝቡን በግድ ሊያስከትል ሞከረ። አገሩ በደም ታጠበ። በመጨረሻ በ1632 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ ይመለስ ብሎ አወጀ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ጎንደርን የቆረቆረው ያ ልጅ ነው። አባት «አልሆነልኝም» ማለት ስለቻለ ነው ይህ ከተማ የቆመው።

መምህርት ከማራኪ፦
እሱን እንኳ አታስጊጠው። ሱስንዮስ የተመለሰው ያ ሁሉ ሬሳ ከወደቀ በኋላ ነው። ይቅርታ ከተባለም በጣም የዘገየ ይቅርታ ነው።

እኔ ግን ቃል ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። መመታቱ ራሱ መቅረት አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። ቤቱን ግን በስም አይጠራም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ልጅን ማንገላታት ይቀጣል፤ ለማረም የሚደረገውን ተገቢ ቅጣት ደግሞ ይተወዋል። ተገቢው የቱ ነው? አለንጋ? ቀበቶ? በርበሬ ማጠን? ክፍል ውስጥ በቾክ ለመጻፍ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ፊቱን የሚሸፍን ልጅ አለኝ። እኔ መትቼው አላውቅም።

ጋሼ ከአራዳ፦
በርበሬ ማጠን ግፍ ነው፤ እሱን ማንም አይደግፍም። ነገር ግን በበትር ከመምታት የሚራራ ልጁን ይጠላል የሚለው መጽሐፍ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

የአዘዞው፦
ያው መጽሐፍ አባቶች ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻቸውን አያበሳጩ ይላል፣ ጋሼ። አንዱን ይዘን ሌላውን አንተው።

እናት ከሳሙና በር፦
እስካሁን ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ልናገር።

በኛ ቤተሰብ ወንድሜ ከአባታችን ጋር ተኳርፎ ሽማግሌ ገባ። ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የወደቀው ወንድሜ ነው። ጥፋቱ የሁለቱም እንደነበር ሽማግሌዎቹም ያውቁ ነበር። ያ ድንጋይ ሁሌም የታናሹ ትከሻ ላይ ነው የሚወጣው።

እኔ ደግሞ አምና 200 ብር ጠፋብኝ። «አንተ ነህ የወሰድከው» ብዬ የ9 ዓመት ልጄን መታሁት። ማታ ነጠላዬን ሳጥፍ ብሩ ጫፉ ላይ ተቋጥሮ አገኘሁት። እኔው ነበርኩ የቋጠርኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ቁጭ አልኩና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። መጀመሪያ ደነገጠ፤ የታመምኩ መስሎት ግንባሬን ነካኝ። ከዚያ «እሺ» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ክብሬ አልቀነሰም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲሰብር ራሱ መጥቶ ይነግረኛል።

ጋሼ ከአራዳ፦
እናት ትችላለች፣ እግዜር ይባርክሽ። አባት ግን ሌላ ነው። ፊልሙን እኔም በወጣትነቴ አይቼዋለሁ። ልጁ ይሄን ፊልም ያነሳው፣ መጨረሻውን ለምን አልነገራችሁም? አንቶኒዮ ብስክሌቱን ሲያጣ ራሱ የሰው ብስክሌት ሰረቀ። ተያዘ። ልጁ እያየ ሰው ሁሉ አዋረደው፣ መታው። ባለቤቱ የብሩኖን ፊት አይቶ አዘነና ተዉት አለ። አባትየው እያለቀሰ ሲሄድ ብሩኖ ምን አደረገ? ይቅርታ ጠይቀኝ አላለም። እጁን ያዘው። ልጅ ማለት እሱ ነው።

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ቦታ ነው። እጁን ቀድሞ የሰጠው ማነው? ልጁ ነው። ጠዋት በጥፊ የተመታው ያ ሕፃን ነው ማታ ሽማግሌ የሆነው። እናታችን ያለችው ድንጋይ እኮ እሱ ነው። እኔ ብሩኖን ወደድኩት። ግን ለሕፃን በጣም ይከብዳል።

ጋሼ ከአራዳ፦
ይከብዳል፣ አልክድም። አባትየውም እጁን አልነጠቀም፤ ጨብጦ ያዘው። አባትህ አለ?

የፒያሳው፦
አለ። ደምቢያ ነው።

ጋሼ ከአራዳ፦
እንግዲያው ሂድና ለምን እንደመታህ ጠይቀው። እኔም ልጄ ቢጠይቀኝ የምመልስለት አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም።

መምህርት ከማራኪ፦
ጋሼ፣ ሳይጠየቁ ቢነግሩትስ?