ጋቢና ውስጥ 19ኛ ሌሊት፦ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ምን ላድርግ?

ባለተሳቢው (ኮምቦልቻ) ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኜ ኮምቦልቻ ከገባሁ ዛሬ 19 ቀኔ ነው። መጋዘን በር ላይ ወረፋ ይዘን ቆመናል። ዝናብ ካለ ሸራ አይገለጥም፣ ሸራ ካልተገለጠ አይራገፍም፣ ሐምሌ ደግሞ ሐምሌ ነው። አልጋ ልያዝ ብል ለሁለት ሰው የሦስት ሳምንት ኪራይ ትርፌን ጠርጎ ይበላዋል። መኪናውን ጥዬ ባድር ደግሞ ናፍጣው አብሮኝ ያድራል ወይ? ስለዚህ እኔና ረዳቴ ኑሯችን ጋቢና ውስጥ ሆኗል። እኔ ከኋላ አልጋው ላይ፣ እሱ ወንበሮቹ ላይ ጣውላ ዘርግቶ። የቆምነው ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳንርቅ ነው፤ ለእቃና ለልብስ ማጠቢያ ውሃ የምንቀዳውም ከዚያው ነው።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ጣሪያው ማንጠባጠብ ይጀምራል። ልክ ግንባሬ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ጠብ፣ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ጠብ። የተበሳ መስሎኝ ላይ ወጥቼ ስፌቱን በሙሉ በሲሊኮን ደፈንኩት፤ የአየር መውጫዋንም ጨምሬ አሸግኳት። ጭራሽ ባሰበት! ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት ሳይቀር ያንጠባጥባል። ፍራሹን ገልብጬ ባየው ከሥሩ ሻግቷል። ጋቢዬ ዝናብ የመታው በግ ይሸታል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ከሁለት ሌሊት በላይ አይቆይም። የምንጠቀመው አንድ አምፖል፣ የሁለት ስልክ ቻርጅና ትንሽ ሬዲዮ ብቻ ነው። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ" ይላል እንጂ ሞተሪኖው አይዞርም። ሁለቴ በሰው መኪና በኬብል አስነሳሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለመለመን አፈርኩ። አንዱ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞው ነው ይለኛል፣ ሌላው ባትሪህ አርጅቷል ይለኛል። ባትሪዎቹ ከተገዙ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

በዚያ ላይ አይጥ ገብታለች፤ እሷን ለጊዜው ተዉአት። ጠዋት ጠዋት ራሴን ይፈልጠኛል፣ ረዳቴንም ያቅለሸልሸዋል፤ እሱ የእርጥበቱ ብርድ ይመስለኛል። ማታ ማታ በከሰል ሻይ አፍልተን፣ በዚያው ጋቢናዋን ሞቅ አድርገን ስለምንተኛ ግን ብርዱ ያን ያህል አይደለም።

የምታውቁ ንገሩኝ።

የሚሌ መንገድ መለሰ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ይህን ያላየ ሾፌር የለም። እኔ አምና 26 ቀን ቆሜያለሁ። ለጣሪያው ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ ወጥርበት፣ ውሃው ወደ ጎን ይወርድልሃል። ከሰሉን በተመለከተ ውጭ አቀጣጥላችሁ ጭሱ ሲያልቅ አስገቡት። ፍሙ ከቀላ በኋላ ምንም አይልም።

የሌሊት ተረኛዋ (ደሴ) መለሰች፦

ወንድሜ፣ ባትሪውን ተወውና መጀመሪያ ይችን አንብብ። ነርስ ነኝ። እኔን ያስደነገጠችኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ናት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ሁለታችሁንም፣ ጠዋት ጠዋት፣ የአየር መውጫው በታሸገ ጋቢና ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ ካደራችሁ በኋላ! ይሄ ብርድ አይደለም። ከሰሉ እየመረዛችሁ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተኛ ሰው ደግሞ "አመመኝ" ብሎ አይነሳም፣ እንቅልፉ እየከበደው ነው የሚሄደው።

ከላይ "ፍሙ ከቀላ ምንም አይልም" ላልከው ወንድማችን፦ ብዙ ሰው የሚሞተው ይህችን አምኖ ነው። ጭስ ቢሆን ኖሮ እያሳለ ይቀሰቅሰን ነበር። የቀላ ፍም ጭሱ የለም እንጂ ጋዙ አለ። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም አያድንም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ አይገባላችሁም።

ዛሬ ማታ ማንደጃው ውጭ ይደር። "ጠፍቷል" ብላችሁም አታስገቡት፣ አመድ የለበሰ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። አያድርስና አንዳችሁ አልነቃ ካለ በሩን ከፍታችሁ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ሎሚ በማሽተትና ወተት በመጋት ጊዜ አታጥፉ። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው።

ባለተሳቢው መለሰ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን እኮ እናቴ ቤት ክረምቱን ሙሉ ከሰል እየነደደ ነው ያደግነው። ምንም ሆነን አናውቅም።

የሌሊት ተረኛዋ፦

የእናትህ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አይደል? በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። ያ ክፍተት ነው ያሳደጋችሁ። አንተ ያለህበት ቁም ሳጥን የሚያህል ብረት ነው፣ እሱንም በሲሊኮን ደፍነኸዋል። እዚያም ቤት ቢሆን ደግሞ ምንም ያልሆናችሁት ዕድል ረድቷችሁ ነው። በል ረዳትህ አሁን እንዴት ነው? ካዞረው ወይም ደረቱን ካመመው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ከሰል እንደነበረም ንገሯቸው። ካልነገራችኋቸው ጉንፋን ነው ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ።

ዲናሞ ሠሪው (ደሴ) መለሰ፦

የእህታችንን ሰምተህ ስትጨርስ ወደኔ ና። ዲናሞ መፍታት የምበላበት ሙያ ነው፣ ግን ሳላየው ፍታው አልልህም። ሁለት ነገር መልስልኝ። አምፖሉና ሬዲዮው ባለስንት ቮልት ናቸው? ገመዱን ከየት ሳባችሁት? ከዚያ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ሁለቱን ባትሪ ለየብቻ በቴስተር ለካና ቁጥሩን ጻፍልኝ። አንድ ላይ አይደለም፣ ለየብቻ።

ባለተሳቢው፦

ጋሼ፣ ሁሉም ባለ 12 ናቸው። ገመዱን ረዳቴ ነው የሳበው፣ ከግራው ባትሪ ላይ ብቻ። ከጎረቤት መኪና ቴስተር ተውሼ ለካሁ፦ ቀኙ 12.7፣ ግራው 11.6።

ዲናሞ ሠሪው፦

ተገኘ! ዲናሞህን ማንም እንዳይነካብህ።

መኪናህ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ታስረው ነው 24 የሚሆኑት። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ማለት ነው። አንተ ሌሊቱን ሙሉ የምታርሰው በግራው በሬ ብቻ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ዲናሞው የሚያየው ጠቅላላውን 24 እንጂ የትኛው እንደተራበ አያውቅም፤ ሁለቱንም እኩል ይግታቸዋል። የጠገበው ቀኙ እየፈላ ውሃው ያልቃል፣ የተራበው ግራው ሳይጠግብ ይቀራል። እንዲህ እየተባለ ሁለቱም ይሞታሉ። ዓመት ያልሞላው ባትሪ የሚገደለው በዚህ ነው፣ ከዚያ ሻጩ ይረገማል።

ያንን ገመድ ዛሬውኑ ንቀለው። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ገዝተህ ከሁለቱም ባትሪ ድምር ላይ እሰረው፤ ለአምፖልና ለስልክ ባለ 10 አምፔሩ ይበቃሃል። ግራውን አውልቀህ ለብቻው ባትሪ ቤት ውሰደውና ቀስ ተብሎ ይሞላ። የቀኙን ክዳን ከፍተህ የባትሪ ውሃው ከሳህኖቹ በላይ መሆኑን እይ፤ ከጎደለ የባትሪ ውሃ ጨምር፣ የቦርከናን እንዳትጨምርበት። ተሞልቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ግራው ከ12.4 በታች ከወረደ ግን ሞቷል። ያን ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር፤ አዲስና አሮጌ አታጣምድ።

ጀልባው ውስጥ (የደሴ ልጅ) መለሰ፦

ደሴ ፒያሳ ነው ያደግኩት። አሁን እንግሊዝ አገር፣ የሰው እጅ በቆፈረው ቦይ ላይ፣ በብረት ጀልባ ውስጥ መኖር ከጀመርኩ 4 ዓመቴ። ጥያቄህን ሳነብ የኔን ቤት የጻፍክ ነው የመሰለኝ። ጀልባዬ ርዝመቷ ደህና ነው፣ ወርዷ ግን 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ገደማ ብቻ ናት፤ የድሮዎቹ የቦይ በሮች ጠባብ ስለሆኑ ከዚያ የሰፋ አያልፍም። ቋሚ ማሰሪያ የሌለን ሰዎች አንድ ሰፈር ከ14 ቀን በላይ መቆም አይፈቀድልንም። አንተን 19 ቀን አላስነሳ ብለውሃል፣ እኛን በ14 ያስነሱናል!

ጣሪያህ አልተበሳም። የሚያንጠባጥብብህ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው ሲተኛ በትንፋሽና በላብ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ያወጣል። ሻዩና እርጥብ ልብሱ ሲጨመርበት አስበው። ያ እንፋሎት የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ብረቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ ነው 10 ሰዓት ላይ የሚጀምርህ። ሲሊኮኑ መውጫዋን ሲዘጋበት ባሰ።

ስለዚህ የአየር መውጫዋን ሲሊኮን ዛሬ ቅደድ። መስኮት በአንድ በኩል ብቻ መክፈት ዋጋ የለውም፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ክፈትና አየሩ ይለፍ። ላስቲኩን አትሞክረው፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ውሃው ላስቲኩ ላይ ተጠራቅሞ አንድ ቀን በአንዴ ወረደብኝ። ከሰሉን ትቼ ላምባ ምድጃ ላስገባ እንዳትል፤ አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል፣ ያው መርዙም አለበት። ፍራሹን ብረት ላይ በቀጥታ አታስተኛው፣ ከሥሩ አየር ይግባ። እኔ ከሥሩ ርብራብ አድርጌያለሁ። ለአንተ ሰሌን ይበቃሃል፤ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣ ሰው ካለ አስመጣ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣሪያውን በጨርቅ ወልውለህ ጨርቁን ውጭ ጭመቀው። አሰልቺ ነው፣ ግን ያ ውሃ ካልወጣ ነገም ግንባርህ ላይ ነው።

በጋዙ ነገር የነርሷን ቃል በወርቅ ጻፈው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ መኖሪያ ክፍል ያላት ጀልባ ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንዲኖራት ግዴታ ሆኗል። የኔ ምድጃ ጭስ ማውጫ አላት፣ እንዲያም ሆኖ ደወሉ አንድ ሌሊት ጮሆ አስነስቶኛል፤ ጭስ ማውጫው በጥቀርሻ ታፍኖ ኖሯል።

ወንዝ ዳር መሆንህን ስላነሳህ አንድ የራሴን ልጨምር። ከቦዩ ወደ ወንዝ በወጣሁበት ሰሞን ጀልባዋን በገመድ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ተኛሁ። ሌሊት ወንዙ ሞላ። ጀልባዋ ከውሃው ጋር ልነሳ ስትል ገመዱ ወደ ታች ያዛትና በአንድ ጎኗ ዘመመች። የነቃሁት ረከቦቱ ከነሲኒው ተንሸራቶ ግድግዳውን ሲመታ ነው። ጀበናዋ አንገቷ ተቆርጧል። እናቴ ከደሴ በልብስ ጠቅልላ የላከችልኝ ነበረች፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

ቦርከና ዳር መለሰ፦

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ የምለው አጭር ነው። "እዚህ አልዘነበም" ብላችሁ ቦርከና ውስጥ ልብስ አትዘፍዝፉ። ውሃው የሚመጣው ከደሴ በኩል ነው፣ ደሴ ደግሞ ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ ሲዘንብ እዚህ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ወደ ሐረጎ ቀና በሉ፤ ተራራው ጠቁሮ ከሆነ ውሃው እስኪደፈርስ አትጠብቁ፣ ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ረዳትህን ንገረው፣ እንደነዚህ ያሉ ልጆች አይሰሙም።

ባለተሳቢው፣ ከ6 ቀን በኋላ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ወረፋችን 4 መኪና ቀርቶታል።

ማንደጃው በዚያው ማታ ወረደ። ረዳቴን ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር፣ ደህና ነው። የኔ ራስ ምታት በሁለተኛው ቀን ጠፋ። እህቴ፣ እናቴ ጋ ደውዬ የምኝታ ቤቱን ከሰል እንድትተው ነገርኳት፤ "ስትወለድም ነበረ" ብላ ዘጋችብኝ። ነገ ደግሞ እደውላለሁ።

ሻይ ከማዶ ካለች ሴትዮ በፔርሙስ እንገዛለን። ሲሊኮኑን በቢላ ስልጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን የፊት መስታወቱ ያልበዋል እንጂ ጣሪያው አያንጠባጥብም፤ አንድ ሌሊት ብቻ፣ መስኮቱን ዘግተን ባደርንበት፣ ሦስት ጠብታ ቆጥሬያለሁ። ሰሌኑ ግን እስካሁን አልመጣም፣ በካርቶን ነው የተኛሁት።

ጋሼ፣ ግራው ባትሪ ተሞልቶ፣ አድሮ 12.5 አለ። ኮንቨርተሩም ገብቷል። ሦስት ጠዋት ተከታትሎ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። አይጧ ግን አለች፤ ትናንት የኮንቨርተሩን ገመድ አንድ ቦታ ላይ ልጣው መዳቡ ይታያል።

ዲናሞ ሠሪው፦

12.5 አልሞተም፣ ግን ተጎድቷል፤ ከወር በኋላ ደግመህ ለካው። አሁን ግን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ያ ገመድ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለው? የተላጠ ገመድ ብረት ነክቶ ፊውዝ ከሌለው እናንተ ተኝታችሁ ጋቢናው በእሳት ይቃጠላል።

ባለተሳቢው፦

ፊውዝ የለውም። በቃ አሁን ወርጄ እነቅለዋለሁ። ዛሬ በእጅ ባትሪ እናመሻለን።