ውሻዬ ፕሬድኒሶሎን ጀምሮ ቤቱን በሽንት አጥለቀለቀው፣ ላቁምለት?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ናችሁ? የ4 ዓመት ትንሽ ነጭ ውሻ አለኝ። አንገቱን ወደ ግራ አጣሞ ክብ ይዞር ጀመር፣ ከዚያ አንድ ሌሊት አንፈራገጠው። ሐኪሙ የገዛ ሰውነቱ የበሽታ መከላከያ አንጎሉን እያጠቃው ይሆናል ብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት ጀመረለት። መዞሩ ቆሟል፣ ግን ውሃ አይጠግብም፣ ምንጣፉ አለቀ። ላቁም?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ኧረ በፍጹም! በድንገት ካቋረጥከው ያገረሽበታል፣ ሰውነቱም የራሱን ኮርቲሶል (መድኃኒቱን የሚመስል የሰውነት ሆርሞን) ማምረት ስለቀነሰ ዝልፍልፍ ይላል። ሐኪሙ እያየው ቀስ በቀስ በወራት ነው የሚቀነሰው። ብቻውን ካልበቃ ሳይክሎስፖሪን የሚባል ሌላ መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት ይጨመርበታል። ጥማቱ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ አብሽር፣ ውሃ አትከልክለው፣ ቶሎ ቶሎ አውጣው። ደግሞ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ምናምን እንዳትደርብበት፣ ጨጓራውን ያደማዋል።

ሌላ መልስ፦ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ይሄ በሽታ በደንብ የሚለየው በኤምአርአይ (አንጎልን በሚያነሳ ምርመራ)ና በአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ ነው፣ ያለዚያ ግምት ነው። ሲያንፈራግጠው እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት።

ጠያቂ፦ ተከትቧል፣ ወረቀቱ አለ። እሺ አላቆምም። ፒያሳ ወርጄ ፕላስቲክ ገዝቼ ምንጣፉን ሸፈንኩት፣ እሱ ግን ፈልጎ ፕላስቲክ የሌለበት ጥግ ላይ ሸና።