የወፍጮ ቤቱን ሰው የሕይወት ታሪክ ከሩቅ አገር እንዴት እንጻፍ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም የወሎ ልጆች። መርሳ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አባት አርፈዋል። ልጆቻቸው ሦስት አገር ላይ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን ሲሆኑ የባለቤታቸው ወገን ሙስሊም ነው። ለአርባቸው እዚያም እዚህም የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እየተዘጋጀ ነው፤ ረቂቁ ግን «ታታሪ፣ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ቤተሰቡን አክባሪ» ብሎ ያልቃል። ምን ይጨመር? ከማን ይጠየቅ? ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ?

ከሚኒያፖሊስ

እግዜር ያጥናችሁ፣ አብሽሩ። «ታታሪ» የሚለውን አውጡና ሥራውን ጻፉት። ስንት ሰዓት ይከፍቱ ነበር? ሞተሩን ማን ያስነሣ ነበር? በገበያ ቀን ወረፋው እስከ የት ይደርስ ነበር? ይህን ልጆቹ በደንብ አያውቁትም፤ ትምህርት ቤት ነበሩ። የሚያውቁት አብሯቸው የሠራው ረዳትና እህል ተሸክመው ይመላለሱ የነበሩት እናቶች ናቸው።

ስትደውሉ «እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ደግ ነበሩ» ነው፣ አለቀ። «መብራት ሲጠፋ ያልተፈጨውን እህል ምን ያደርጉት ነበር?»፣ «ገንዘብ የሌላት ሴት ስትመጣስ?»፣ «ዱቄት ጎደለ ተብሎ ጭቅጭቅ ሲነሣ እንዴት ይዳኙ ነበር?» በሉ። ጥያቄው ከስድስት አይብለጥ። በጽሑፍ ከምትልኩ በቴሌግራም ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ፤ የሚመልሱትም በድምፅ ይሁን። ሰው ሲጽፍ ያሳጥራል።

የቅሬውን (የዕድሩን) ጸሐፊ አትርሱ። ቅሬ የገቡበት ዘመንና በምን ኃላፊነት እንዳገለገሉ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ቤት ወረቀቱ ስለጠፋ አንዳንድ ጊዜ የሚተርፈው ጎረቤት ቤት የተቀመጠ ደብተር ብቻ ነው።

ከቶሮንቶ

ስለ ሥራው ልጨምር፤ ወፍጮ ቤት ለማያውቀው ሰው በር ከፍቶ መቀመጥ ይመስላል።

ድንጋዩ ሲዶለድም ዱቄቱ እየጋለና እየሻከረ ይወጣል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ተፈትቶ የሁለቱም ፊት በመዶሻና በመሮ ይወቀራል። ውቅራቱ መሐሉ ላይ ጠለቅ ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል፤ ዳሩ ከጠለቀ እህሉ ሳይደቅ ያመልጣል። ተወቅሮ እንደተገጠመ መጀመሪያ የሚገባው ጥቂት ርካሽ እህል ነው፤ የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ይደፋል። ይህን የዘለለ ወፍጮ ቤት እንጀራው አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ደንበኛውም በማግሥቱ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ሀብሩ፣ የመርሳ ወረዳ፣ የማሽላ አገር ነው፤ ለማሽላ የተስተካከለውን ድንጋይ ለጤፍ እንደገና ማቀራረብ ያስፈልጋል። አብዝቶ ካቀራረቡት ዱቄቱ ይቃጠላል። በርበሬ ከተፈጨ በኋላም ድንጋዩ ሳይጸዳ ጤፍ ከገባ የዚያን ቀን እንጀራ ልጆች አይበሉትም።

ቺንጋው (ከሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ) ሲላላ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ኩሽኔታውን (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘውን ብረት) ይበላዋል። እንግዲህ መለዋወጫ ከወልድያ ወይም ከደሴ ነው የሚመጣው። መብራት ከመግባቱ በፊት በናፍታ ሞተር ይሠሩ ከነበረ ናፍታው ከየት ይመጣ እንደነበር ጠይቁ፤ ለብቻው አንድ አንቀጽ ይወጣዋል። ጆሯቸውንም ጠይቁ። በሞተር ጩኸት የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ ጆሮው ይደክማል፣ ቤቱም ገብቶ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የማያውቀው የተቆጣ ይመስለዋል። «ቁጡ ነበሩ» የሚል ካለ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

የዱቤ ደብተር ከተገኘ በዱቤ ያስፈጩ እንደነበር ጻፉ እንጂ የባለዕዳ ስም እንዳይነበብ። ሰዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከስቶክሆልም

ስለ ዘመን። የልደት ዓመታቸው በትክክል ካልታወቀ በመታወቂያው ላይ ብቻ አትመኑ፤ በግምት የተሞላ ብዙ ነው። በታወቀ ነገር አስጠግታችሁ ጠይቁ። ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ተወልደው ነበር? በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ጊዜ ትዳር ይዘው ነበር? የ1966ቱ ድርቅ ሲመጣ ስንት ልጅ ነበራቸው? የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ሲወጣ ቤት ተወርሶባቸዋል? ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ 1971፣ ተማሪ ነበሩ ወይስ አስተማሪ? በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ታገቡታላችሁ። ከዚያ «በ1930ዎቹ መጀመሪያ» ብሎ መጻፍ ሐሰተኛ ቀን ከመጻፍ ይሻላል።

1977ን በተመለከተ «በረሃቡ ዘመን ተቸገሩ» አይበቃም። እህል ከሌለ ወፍጮ ይቆማል። ስንት ወር ቆመ? ቤተሰቡ በምን ኖረ? በሰፈራ ወደ ወለጋ ወይም ወደ መተከል የሄደ ወንድም ወይም እኅት ካለ በስም ይጠቀስ፤ በብዙ ቤት ያ ሰው ከታሪክ ወጥቶ ይቀራል።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨመራል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል ቀኑም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ይገፋል። ሌላ ስሕተት አለ፤ አገር ቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ያረፈ ሰው ዋሽንግተን ላይ በፈረንጅ ክረምት ገና ያለፈው ቀን ምሽት 4 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው መልእክት የሚያሳየው የዋዜማውን ቀን ነው። የመርሳው ቀን ይጻፍ።

ከሪያድ

አላህ ያጽናናችሁ። ሁለት ሃይማኖት ላለበት ቤት ጥቂት ነገር ልበል።

የቀን ቆጠራውን ቀድማችሁ ያዙ። ለምሳሌ ጥር 10 ቀን 2017 ያረፈ ሰው፣ የሞተበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር አርባው የካቲት 19 ላይ ይውላል። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ነበር፤ ስለዚህ ሥጋ የለም። ውጭ አገር ያሉት «ሥራ ስላለ ቅዳሜ እናድርገው» ብለው ወደ የካቲት 22 ቢገፉት ደግሞ የረመዷን የመጀመሪያው ቀን ነው፣ የእናታቸው ወገን ምሳ አይበላም። እንዲህ ሲገጥም ዝግጅቱ ለማታ ይሁን፤ ቴምርና ውኃ ይቅረብ፣ መግሪብ ይሰገድ፣ ከዚያ ሁሉም የጾም ምግብ ላይ ይቀመጥ። ጾም ካልሆነ ግን እንደ አገራችን ልማድ ዕርዱ ለየብቻ ነው፤ አዳራሹን ስትከራዩ ሁለት ማሞቂያ ጠረጴዛ እንዳለው ጠይቁ።

በጽሑፉ የባለቤታቸው ወገን «ዘመድ አዝማድ» ተብሎ እንዳይታለፍ። አማቻቸው ከነማዕረጋቸው ይጠሩ፤ ሼህ ከሆኑ ሼህ፣ ሐጂ ከሆኑ ሐጂ። ሟቹ ክርስቲያን ስለሆኑ መዝጊያው «ነፍስ ይማር» ይሁን፤ ሁሉን ለማስደሰት ተብሎ ግማሽ ግማሽ አይጻፍ፣ ሙስሊሙ በራሱ አፍ ዱዓውን ያደርጋል። የሞተው ሰው ሙስሊም ቢሆን ኖሮ ቀብሩ ስለሚፈጥን ታሪኩን ለሰደቃው ቀን ማቆየት ነው የሚሻለው፤ ዕዳ ካለበትም ከሁሉ በፊት እሱ ይከፈላል።

ከሚኒያፖሊስ፣ እንደገና

ጠብ የሚነሣው በልጆች ዝርዝር ነው። ባለቤታቸውን አስቀድሙ፣ ከዚያ ልጆችን በዕድሜ ቅደም ተከተል፤ የሞቱትም ይቆጠሩ። ከሌላ የተወለደ ወይም ያሳደጉት ልጅ ካለ ከቤቱ ታላቅ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። የቤቱን ታላቅ ሳታስፈቅዱ ምንም አታሳትሙ። የልጅ ልጆች ብዛት በቁጥር ይበቃል፤ ስማቸው ከተዘረዘረ አንድ ይረሳል፣ ያ ደግሞ ዓመት ሙሉ ይወራል።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ፊደሉ ጎላ ይበል፤ አንባቢው መነጽሩን ረስቶ ይመጣል። አንባቢውም የሚያለቅስ ልጅ ባይሆን ይመረጣል፤ ለመርሳው አንድ የከተማው መምህር ይበቃል።

ከቶሮንቶ

ፎቶ የሚመርጥ ካለ፣ ከሠርግ ፎቶ ተቆርጦ በሱፍ ልብስ የወጣውን ተዉት። ዱቄት የለበሱበት ካለ እሱ ይሁን፤ ከተማው የሚያውቃቸው በዚያ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ምስል አትላኩት፣ ይጨመቅና ባነር ላይ ይደበዝዛል።

ጠያቂው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ጥያቄዎቹ ዛሬ ማታ ለረዳታቸውና ለቅሬው ጸሐፊ ይላካሉ። አንድ የቀረ ነገር፤ የሞት ምዝገባው በ30 ቀን ውስጥ መሆን አለበት የሚባለው እውነት ነው?

ከስቶክሆልም

አዎ፣ በ2004ቱ የወሳኝ ኩነት አዋጅ ለሞት የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ለአርባው ብላችሁ አታቆዩት፤ መርሳ ያለው ልጅ የሟቹን መታወቂያ ይዞ ነገውኑ ቀበሌ ይሂድ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስምና የልደት ዘመን ልጆቹ ለኢሚግሬሽን ካስገቡት ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።