አሮጌ አውቶማቲክ ፕራዶ፦ ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል

ድሬዳዋ የምነዳው መኪና በአውሮፓውያን 1998 የተሠራ ላንድክሩዘር ፕራዶ ሲሆን፣ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.4 ሊትር ቤንዚን፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንከን የለበትም። ከሞቀ በኋላ ግን፣ በተለይ ከዚራ አካባቢ በቀትር ሙቀት ኤር ኮንዲሽነር ከፍቼ፣ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ ፍሬን ይዤ ስቆም፣ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በደቂቃ 700 ገደማ መሆን የሚገባው የሞተር ዙር፣ ወደ 500 ይወርድና መሪውና የኋላ መመልከቻ መስታወቱ እስኪርገፈገፉ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኤን ሳወጣው ዙሩ ይመለሳል፤ መንቀጥቀጡ ግን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር ሲወጣ ጉልበት አያንሰውም፤ የቼክ ኢንጂን መብራትም አልበራም።

ካንዴላዎቹ፣ የካንዴላ ገመዶቹና የአየር ፊልትሮው ተቀይረዋል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ቦዲም ታጥቧል። ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሶኬት ተራ በተራ ሲነቀል ሞተሩ በስድስቱም ላይ እኩል ስለሚደክም፣ ለይቶ የማይሠራ ሲሊንደር ያለ አይመስለኝም። በዚያ በኩል አየር ያፈስ እንደሆነ ለማየት፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ሲረገጥ ኃይል ወደሚያግዘው ክፍል) የሚሄደውን የቫኩም ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጬ ብዘጋውም ለውጥ አላመጣም። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች አርጅተው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የጎማ ማርጀት መንቀጥቀጡን ያብሳል እንጂ ዙሩን አያወርድም። መካኒኩ ካምቢዮው ይፈታ ቢልም፣ ኤር ኮንዲሽነሩና ማርሹ ሞተሩን ሲጫኑት ተጨማሪ አየር አስገብቶ ዙሩን መጠበቅ ያለበት የሚኒሞ ቫልቭ ሳይጣራ ወደዚያ ወጪ መግባት ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

ይህ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ በትክክል እየሠራ መሆን አለመሆኑን፣ አዲስ ሳይገዛ፣ በምን መንገድ በእርግጠኝነት መለየት ይቻላል?